ለወደቀች ግልገል የሚገባ ምሕረት

ዛፍ ላይ ጎጆ የምትሠራው ትንሿ እንስሳ ስኩዊረል ስትወለድ ፀጉር የላትም፤ ዐይኗና ጆሮዋ አልተከፈተም፤ ክብደቷም 20 ግራም አይሞላም። የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተወላጅ የሆነችው ግራጫዋ ስኩዊረል በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል፣ በብርዱ ወራት መገባደጃና በሙቀቱ ወራት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ግልገሎች ትወልዳለች። ዐይናቸው የሚገለጠው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ጡት እስኪጥሉ ሁለት ወር ያልፋል። በዚህ መሐል ጎጆው ያለበት ዛፍ ቢቆረጥ ወይም እናቲቱን መኪና ቢገጫት ግልገሎቹ ብቻቸውን የሚተርፉበት መንገድ የለም። ከመካከላቸው አንዷ በሰው እግር ሥር ስትገኝ፣ ምን ይደረግላት ከሚለው ጥያቄ ጋር ሌላ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ባለቤት ለሌላት፣ ለማንም ለማትጠቅም ፍጡር ሰው ምን ዕዳ አለበት?

የመጀመሪያው እርዳታ ሙቀት ነው። ግልገሏ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ መጠበቅ ስለማትችል መሬት ላይ ጥቂት ስትቆይ ትቀዘቅዛለች፤ የቀዘቀዘ ሰውነት ደግሞ ምግብ አያብላላም። ስለዚህ ጓንት ባጠለቀ እጅ ተነሥታ ለስላሳ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ትገባለች። ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ከካርቶኑ በአንድ ወገን ብቻ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ ሲበዛባት መሸሻ እንዲኖራት ነው። ከዚያ ደም፣ እብጠት ወይም የጥርስ ምልክት መኖሩ ይታያል። ድመት ነክሳት ከሆነ ቁስሉ መርፌ የወጋው ቢመስልም የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ሊያያት ይገባል፤ በድመት አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ደም ከገቡ ቶሎ ይገድላሉና።

ሰውነቷ ከሞቀና ጉዳት ካልተገኘባት ከሁሉ የሚሻለው እርዳታ ለእናቷ መመለስ ነው። ካርቶኑ ሳይከደን ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ ሰዎች፣ ውሾችና ድመቶች ከአካባቢው ይርቃሉ። እናት ስኩዊረል ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ጎጆ ስላላት ልጆቿን በአፏ እያነሣች አንድ በአንድ ታዛውራለች። የሰው እጅ የነካውን ልጅ እናት ትተዋለች የሚባለው እውነት አይደለም። የምትንቀሳቀሰው ግን በቀን ብርሃን ነው፤ ሳይጨልም ካልመጣች ግልገሏ ቤት ገብታ በዱር እንስሳት እንክብካቤ የሠለጠነ ሰው ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ርኅራኄ ራሱ የሚገድልበት ቦታ አለ። ግልገሏን ያነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ወተት ነው። የላም ወተት ግን ሆዷን ያስቀምጣታል፤ የሰውነቷን ውኃ ይጨርሳል። ሳትሞቅ ወይም በጥድፊያ የተጨመረላት ፈሳሽ ደግሞ ወደ ሳንባዋ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። እያቀፉ ማባበሉም ለእሷ ፍርሃት እንጂ መጽናኛ አይሆንም። ምሕረት የአድራጊውን ሆድ መባባት ማስታገሻ ከሆነች ለተቀባይዋ ጉዳት ናት። እጅን መሰብሰብ ከምሕረት መቀዝቀዝ ጋር ይምታታል፤ እናቲቱ እስክትመጣ ዝም ብሎ መጠበቅ ግን ከማንሣቱ ያላነሰ የምሕረት ሥራ ነው።

ሃይማኖቶች ለእንስሳት ስለሚገባ ርኅራኄ ያስተማሩት ብዙ ነው፤ የሚበዛው ግን ባለቤት ላላቸው ነው። የኦሪት ዘጸአት ሕግ ከሸክሙ በታች የወደቀን አህያ፣ የጠላት አህያ ቢሆን እንኳ፣ ማንሣትን ያዛል። በማቴዎስ ወንጌል በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በግ የሚያወጣው የበጉ ጌታ ነው። ኦሪት ዘዳግም በጎጆዋ ስላለች ወፍ ሲናገር ትእዛዙ ጠባብ ነው፤ ጫጩቶቹን መውሰድን ሳይከለክል እናቲቱ ከልጆቿ ጋር እንዳትያዝ ያዛል። ለባለቤት አልባው እንስሳ የቀረበውን ምሳሌ የያዘው የእስልምና ሐዲስ ነው። በውኃ ጥም የሚያለከልክን ውሻ ያየ መንገደኛ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ቀድቶ ያጠጣዋል፤ በዚህም ኃጢአቱ ይማርለታል። በሌላ ሐዲስ ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ክንፏን እያርገበገበች ስትመጣ ነቢዩ ሙሐመድ ልጆቿ እንዲመለሱላት ያዝዛሉ። የተጎዳውን ማንሣትና የተለየውን ለእናቱ መመለስ በሁለቱ ትረካዎች ተለይተው ይታያሉ።

ጉዳዩን ከሕግ አውጥቶ ልብ ውስጥ ያስገባው ማር ይስሐቅ ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጥቂት ጊዜ የነነዌ ጳጳስ የነበረው ይህ ሶርያዊ መነኩሴ በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ አለው፤ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ነው። መሐሪ ልብ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ ለሰው፣ ለወፍ፣ ለአውሬ፣ ለፍጥረት ሁሉ የሚነድ፣ የማንንም ትንሽ ጉዳት ማየት የማይችል ልብ ነው የሚል ነው። የነነዌ ሰዎች በዮናስ ዘመን ከእንስሶቻቸው ጋር መጾማቸው ሲታሰብ ትምህርቱ ከዚያ ከተማ ጳጳስ መምጣቱ ያስደንቃል።

የወደቀን የዱር እንስሳ ማንሣት ይገባል በሚለው ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የዳዊት መዝሙር የአንበሳ ደቦሎች ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚሹ ይናገራል፤ ግልገሏን የሚወስደው ጭልፊትም ጫጩቶች አሉት። ፈላስፋው ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ሥቃይ በማንም ሰውነት ላይ ቢደርስ እኩል ሊመዘን ይገባል ሲል፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ጸሐፊው አልዶ ሊዮፖልድ በ1949 በታተመው መጽሐፉ መለኪያውን ከአንዱ እንስሳ አንሥቶ በመሬቱ፣ በውኃውና በዝርያዎቹ ማኅበር ላይ አድርጎት ነበር። በሊዮፖልድ ሚዛን አንዲት ግልገል ከምንም አትቆጠርም፤ በሲንገር ሚዛን ደግሞ የዱሩ ሥቃይ ሁሉ በሰው ትከሻ ላይ ሊወድቅ ምንም አይቀረው። ፈላስፋዋ ክሌር ፓልመር በ2010 ያቀረበችው ሐሳብ ከሁለቱ ይበልጥ ለዚህ ጉዳይ ይስማማል። ሰው ላልነካው የዱር እንስሳ የመርዳት ግዴታ የለበትም፤ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ሲሆን ግን ግዴታ ይወለዳል። መጋዝ፣ መኪናና የቤት ድመት ግልገሏን ሲጥሏት የሰው ዕዳ ሆናለች።

በአሜሪካ ከተሞች ዕዳው ከዚህም ይርቃል። ስኩዊረሎች ወደ መናፈሻዎቹ የገቡት ሰዎች አምጥተዋቸው ነው፤ በፊላደልፊያ ፍራንክሊን አደባባይ በ1847፣ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በ1877 ተለቀዋል። ለእነሱ ለውዝ መስጠት ለሕፃናት የደግነት ትምህርት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ለትምህርት የመጣ እንስሳ ሲወድቅ ተፈጥሮ የራሷን ታድርግ ማለት አያስኬድም።

የምሕረት ወሰን በሌላም በኩል አለ። ያደገችው ግልገል ወደ ዛፉ መመለስ አለባት፤ ሰው የለመደች ስኩዊረል ውሻን አትሸሽም፣ በለውዝ ብቻ ካደገችም በካልሲየም እጦት አጥንቷ ይሳሳል። በአሜሪካ ግዛቶች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠሩት ፈቃድ ያላቸው ተንከባካቢዎች ናቸው። በ2024 በኒውዮርክ ግዛት፣ እናቱን መኪና ከገደለበት ጀምሮ ለዓመታት በሰው ቤት የኖረ አንድ ስኩዊረል በባለሥልጣናት ተወስዶ ለእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ ተገደለ፤ ምርመራው በሽታውን አላገኘበትም። ቁጣው ትልቅ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ቢሆንም ከሞት የተረፈ ፍጡር የአዳኙ ንብረት ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ በቁጣው ውስጥ ጠፋ።

ከሁሉ የሚከብደው የብሪታንያ ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ የመጡ ግራጫ ስኩዊረሎች በ1876 ለጌጥ ያህል በቼሻየር ተለቀቁ፤ ዛሬ ሚሊዮኖች ሆነዋል። እነሱን እምብዛም የማይጎዳ፣ የአገሬውን ቀይ ስኩዊረል ግን የሚገድል የስኩዊረል ፈንጣጣ ቫይረስ ይዘዋል፤ ምግቡንም ይሻሙታል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የዳነ ግራጫ ስኩዊረልን መልሶ መልቀቅ በሕግ ተከልክሏል። የሕጉ ዓላማ ትክክል ነው፤ የቀዩ ዝርያ መጥፋት በምንም አይካስም። ዋጋውን የምትከፍለው ግን ያላጠፋች ግልገል ናት፤ ጥፋቱ ከ150 ዓመት ገደማ በፊት ለጌጥ ያስመጧት ሰዎች ነው። ስለዚህ የሰው ዕዳ ለቀይዋም ለግራጫዋም ነው። ለግራጫዋ የሚቀረው በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ መሞት ሲሆን፣ ይህን በጎ ሥራ ብሎ መጥራት አይገባም፤ ኪሳራ ነው። የግራጫዎቹን ቁጥር ከምግብ ጋር በሚሰጥ ወሊድ በሚያስቀር መድኃኒት ለመቀነስ የሚካሄደው ምርምር ከዚህ የተሻለ መክፈያ ይሆናል።

ሁለቱ ዝርያዎች አብረው በሚኖሩባቸው የሰሜን እንግሊዝ አካባቢዎች፣ ፀጉር ያላወጣች ግልገል ቀይ ትሁን ግራጫ ላልሠለጠነ ዐይን መለየት ያስቸግራል። ለይቶ መናገር የሐኪሙ ነው፤ ያገኛት ሰው ድርሻ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፣ ማሞቅና ወተት አለመስጠት።