አብሮን ያለ መስሎን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሱለይ የሚኖር አንድ ወንድማችን ያጫወተኝን ላካፍላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ልጆቹ ሳይነቁ ይወጣል፣ ከተኙ በኋላ ይመለሳል። ያለችው ዓርብ ብቻ ናት። ሪያድ ሲዝን ሲጀመር ልጆቹ «አባዬ፣ መብራቱን አሳየን» እያሉ ወጠሩት። አንድ ዓርብ ማታ ይዟቸው ከተማውን አቋርጦ ወደ ሰሜን ሄደ።

ሕዝቡ ብዙ ነው። ወንድማችን አገር ቤት ላለችው እናቱ የሚልከውን ቪዲዮ ይቀርጻል። ዞር ሲል የአምስት ዓመቱ ልጅ የለም! «ያቺን አሥር ደቂቃ ጠላቴም አይያት» አለኝ። ልጁን ያገኘው ቀድሞ ቆመውበት የነበረው ቦታ፣ ፊኛ ሻጩ አጠገብ ነው። «የት ጠፍተህ ነው?» ብሎ ሲቆጣው ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «እኔ አልጠፋሁም። እዚሁ ነበርኩ። አንተ ነህ ስልክህን እያየህ የሄድከው።»

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ የሉቃስ ወንጌል 2፥41-52 ትዝ አለኝ። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በዓሉ ሲያበቃ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ አገኙት። ይህ የተጻፈው እመቤታችን ቸልተኛ ሆና አይደለም፤ ሎቱ ስብሐት፣ እርሱም የሚጠፋ አምላክ አይደለም። የተጻፈው እኛን ሊያስተምረን ነው። «አብሮን አለ» ብሎ መገመትና አብሮ መሆን የተለያዩ ናቸው።

እኛ በልጅነታችን እምነትን የት ተማርን? ብዙዎቻችን ወንበር ላይ ተቀምጠን አይደለም። ለጥምቀት እናታችን ነጭ አልብሳ፣ እጃችንን ይዛ ወደ ጃን ሜዳ ወይም ወደ ሰፈራችን ባሕረ ጥምቀት ስትወስደን ነው። ታቦቱ ሲያልፍ ስትሰግድ አይተን ሰገድን። እልል ስትል አይተን እልል አልን። ያ ለእኛ ሽርሽርም ትምህርትም ነበር።

ሱለይ ለሚያድግ ልጅ ግን ደወል አይሰማም፤ ታቦትም በደጁ አያልፍም። ለእርሱ ደወሉ እናንተ ናችሁ። እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ቃሉን ለልጆቻችን በቤት ስንቀመጥ ብቻ ሳይሆን በመንገድም ስንሄድ እንድናስተምር አዝዟል (ዘዳ. 6፥7)። ከሱለይ ሰሜን ሪያድ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ መጨናነቁን ታውቁታላችሁ። ያ ሰዓት የተሰጣችሁ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ስልኩን ኪስ ክተቱት። ዕለቱ 12 ከሆነ ስለ ቅዱስ ሚካኤል፣ 21 ከሆነ ስለ እመቤታችን ንገሯቸው። መብራቱን ሲያደንቁ ብርሃንን ማን እንደ ፈጠረው ጠይቋቸው። እነርሱም ይጠይቋችሁ።

ልጆቻችሁን አታዝናኑ አላልኩም። ጌታችን በቃና ሰርግ ተገኝቷል፤ ሕፃናትንም አቅፎ ባርኳል። ግን ዓርብ የተሰቀለበት ዕለት መሆኑን አንርሳ። የሽርሽራችን ቀን የጾማችንም ቀን ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ ሻዋርማ ቤት በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ለምንድን ነው የማንበላው?» ሲል አትቆጡት፤ ትልቁ ስብከታችሁ ያ መልስ ነው። ከቤት የጾም ስንቅ ቋጥራችሁ ውጡ፤ ፉሉም ድንቹም አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ከተማው ሲደምቅ ልጆቻችን የሚጠብቁት ገና መሆኑን ይወቁ።

አንድ ቃል ደግሞ ለእናንተ፣ የራሳችሁን ልጅ ለአያት ትታችሁ የሰው ልጅ እጅ ይዛችሁ መናፈሻ ለምትሄዱ እኅቶቼ። የዚያን ሕፃን ጫማ ስታስሩ ዓይናችሁ እንባ እንደሚሞላ እግዚአብሔር ያያል። ያን ልጅ በታማኝነት ጠብቁት፤ እግዚአብሔር የእናንተን ይጠብቃል። ስትደውሉም «ብሩ ደረሰ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድክ ወይ? ምን አየህ?» በሉት፤ ተረጋግታችሁም ስሙት። በሩቅ ሆኖም አብሮ መሄድ ይቻላል።

ያ ወንድማችን አሁን ስንወጣ ልጄ እጄን ይዞ «አባዬ፣ አለህ?» ይለኛል አለኝ። የእናንተ ልጆችም እየጠየቁ ነው። ዛሬ ማታ «አለሁ» በሏቸው።

ልጆቻችንን በቸርነቱ ይጠብቅልን፣ በሃይማኖት ያሳድግልን፣ ለአገራችን መሬት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።