የልብ ሐዘን በዘር ይተላለፋልን?

 

በዲላና በአካባቢዋ ለኒካሕ ሽምግልና በተቀመጥኩባቸው ቤቶች ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ጥያቄ አለ። «በዘራቸው የአእምሮ ሕመም አለ ወይ?» የሚል ነው። መጠየቁ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ ያለው መልሱን በመፍራት የሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ልጅቱ ከመኝታዋ መነሳት ሲያቅታት፣ ምግብ ስትጠላና ከሰው ስትሸሽ «የእህቶቿ ትዳር እንዳይበላሽ» ተብሎ በጓዳ ትደበቃለች። ሐኪም ቤት መሄድ ስም ማጥፋት ይሆናል። እንዲህ እየተባለ የቤተሰቡ ስም ሲጠበቅ ልጅቱ ትጎዳለች።

ታዲያ ድባቴ በዘር ይተላለፋልን? የሕክምና ሊቃውንት መልስ «በከፊል» የሚል ነው። ወላጁ ወይም ወንድሙ ከባድ ድባቴ የያዘው ሰው ከሌላው ይልቅ በሽታው የመያዝ ዕድሉ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከመቶ 40 ያህሉ የዘር ድርሻ ነው፤ የቀረው የኑሮ ነው። በዘር የሚመጣው ተጋላጭነት እንጂ ፍርድ አይደለም። የጌዴኦ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከአንድ ቡና የተለቀመ ፍሬ አንዱ በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሌላው በተራቆተ ቁልቁለት ቢተከል እኩል አይበቅልም።

ደግሞም በዘሩ ምንም የሌለበት ሰው ይታመማል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱና በየመጠለያው ሲያድሩ አይተናል። ቤቱን፣ ማሳውንና ዘመዱን ያጣ ሰው ልቡ ቢሰበር የማን ዘር ሊወቀስ ነው?

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ የገጠር ሰው መልኩ እርሱን የማይመስል ልጅ ተወልዶለት በጥርጣሬ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ከመካከላቸው ለየት ያለ ቀለም ያለው መኖሩን ሲናገር፣ ይህም የቀድሞ ዘር ስቦት ሊሆን እንደሚችል አስረዱት። ልብ በሉ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዘርን ነገር ያነሱት ሚስትን ከሐሜት ለማዳን ነው። እኛ ግን ያንኑ ነገር ቤተሰብን ለመወንጀያ አደረግነው። ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም እንደማትሸከም ቁርኣን እያስተማረን፣ የአያትን ሕመም በልጅ ልጅ ላይ እንዴት እንቆጥራለን?

«ይህ የኢማን ድክመት ነው» የሚሉም አሉ። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ነቢይ ሆነው ሳለ በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አላዘኑምን? ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበሩት ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺም ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘንና ምክንያቱ የማይታወቅን ሐዘን ለይተው ጽፈዋል፤ ሁለተኛውንም ከሰውነት የሚነሳና መድኃኒት የሚሻ አድርገው ነው ያዩት።

እርዳታ የሚፈለገው መቼ ነው? ሐዘኑ ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣቱ በየዕለቱ እየቀጠለ 2 ሳምንት ከሞላው፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሰውየው ቡና ለመልቀምም ሆነ ሱቁን ለመክፈት ጉልበት ካጣ፣ ሰላት እንኳ ከከበደው ጊዜው ደርሷል። በቤተሰቡ ታማሚ የነበረበት ሰው ደግሞ ቀድሞ ይንቃ፤ ዘሩን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሞትን የተመኘ ወይም ራሱን ስለማጥፋት የተናገረ ካለ ግን ነገ አይባልም። የተባይ መድኃኒቱ ከቤት ይራቅ፣ ብቻውን አይተው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ወደ አዲስ አበባ አማኑኤል ካልሄድን አይባልም፤ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የሚታዘዘው መድኃኒት ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም በሽታውን ይመልሳል። ሐኪሙ እስኪያዝ ድረስ፣ ከዳኑ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል። ሩቅያና ዱዓ ይቀጥሉ፤ መድኃኒቱን አይከለክሉም፤ መድኃኒቱም እነርሱን አይከለክልም። አላህ ፈውስ ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ታከሙም ብለውናል። ተወኩል ማለት ግመሏን አስሮ በአላህ መመካት ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ! ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄያችንን እናስተካክል። «በዘራቸው ሕመም አለ ወይ?» ከማለት «የታመመውን ያሳክማሉ ወይ?» እንበል። የታመመ ልጁን ደብቆ ከሚያስከብር ቤት ይልቅ አሳክሞ የሚያስታምም ቤት ለኒካሕ የተሻለ ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፤ ያዘኑትን ልቦች ያጽናልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።