ጨዉ ያልወጣ አሳ

ልጆቼ፣ እዚህ ቶሮንቶ እኔ ያለሁበት ሕንፃ የሚኖር አንድ የአገራችን ልጅ ከሥራ ተቀንሶ ኖሮ፣ ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። የሚውለው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሚስቱ እንዳታውቅበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ዛሬ የምመክራችሁ ስለዚሁ ነው፤ ማጣትን ከቤተሰብ አትደብቁ።

ይህች አሁን ስንዴዋን ለዓለም የምትሸጥ አገር፣ ካናዳ፣ አንድ ጊዜ ደቅቃ ነበር። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) በ1929 የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ በ1933 ከሠራተኛው ሲሶ የሚጠጋው ሥራ ፈት ሆነ። ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ላይ ደግሞ ድርቁ፣ ፌንጣውና የአቧራው ማዕበል ተደራረቡ። ቤንዚን መግዣ ያጣ ገበሬ የመኪናውን ሞተር አውጥቶ በፈረስ ያስጎትታት ጀመር። በጠቅላይ ሚኒስትሩ በሪቻርድ ቤኔት ስም «የቤኔት ጋሪ» አሏት፤ ሹፈት ነው።

ታዲያ ለእኚሁ ለሚሾፍባቸው ሰው ደብዳቤ የሚጽፈው ችግረኛ ብዛቱ! አንዲት የሳስካችዋን ሴት ለባሏ የብርድ የውስጥ ልብስ እንዲልኩላት ለመነች፤ ተላከላት። ለሌሎችም ከራሳቸው ኪስ ሁለት ዶላር፣ አምስት ዶላር ይሰዱ ነበር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ፣ ያችን ሴት ለጎረቤቷ ከመንገር ለአገር መሪ መጻፍ ቀልሏት ይሆናል የሚለው ነው። ጎረቤቷስ ያው በብርድ የሚቆራመድ ባል ያላት አይደለችም? የመንግሥት እርዳታም ቢሆን ባዶ እጅ መቅረትን ካላስመሰከሩ አይገኝም፤ መንጃ ፈቃድህን አስረክብ የሚሉም ነበሩ። ስለዚህ ብዙው እስኪደርቅ ድረስ ታገሠ።

ከምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ለእነዚህ ገበሬዎች በባቡር እርዳታ ሲላክ በጨው የደረቀ አሳም ነበረበት። ባሕር አይቶ የማያውቅ የስንዴ ገበሬ ግን አሳው በውሃ ተዘፍዝፎ ጨዉ እንደሚወጣለት ከየት ይወቅ? የቤት ክዳን መቱበት እየተባለ ዛሬም ይቀለድበታል። እኔን ግን አያስቀኝም፤ እንዴት ይበላል ብሎ መጠየቅም ለካ ያሳፍራል።

በ1939 ጦርነት መጣ። 11 ሚሊዮን ከሚሆነው ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የደንብ ልብስ ለበሰ፤ ከ40,000 በላይ አልተመለሰም። ሐዘኑን ከድህነቱ ጋር አላወዳድርም። ጓዳው ውስጥ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። በ1942 ስኳር፣ ሻይ፣ ቡና፣ ቅቤ በኩፖን ሆኑ፤ በ1943 ሥጋም ተከተለ። የቀበሌ ስኳር ለመቀበል የተሰለፈ የእኔ እኩያ ይህን ያውቀዋል። የባለጸጋውና የጉልበት ሠራተኛው ደብተር አንድ ዓይነት ሲሆን «ስኳር አለቀብኝ» ማለት ነውርነቱ ቀረ። ለሁሉም አልነበረም እንጂ፤ ከጃፓን ዘር የሆኑት ከ20,000 በላይ ሰዎች ከፓስፊክ ዳርቻ ተነቅለው ቤታቸውና ጀልባቸው ተሸጠባቸው። አብሮ መቸገር እንኳ ለእነሱ አልተፈቀደም።

አገሩ ግን ከዚያ ሁሉ ሳይማር አልቀረም። በ1940 የሥራ አጥ መድን በሕግ ወጣ። ከ1945 ጀምሮ ለየልጁ የወር ገንዘብ በእናት እጅ ይሰጥ ጀመር፤ ሀብታም ደሃ ሳይባል። ማንም ባዶነቱን አላስመሰከረም።

የእኛ ልጅ ታዲያ ከደመወዙ ሲቆረጥበት የኖረውን ያንን መድን እንኳ አልጠየቀም። ለምን ብለው «ልመና መሰለኝ» አለኝ። የገዛ ገንዘቡን!

እንግዲህ ሥራ የቆመባችሁ ዕለት፣ ያንኑ ማታ፣ ኪራዩን፣ ዕዳውንና የቀረውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ገበታው ላይ አስቀምጡት፤ ነፍስ ያወቁት ልጆችም ይዩት። ለአገር ቤት የምትልኩትንም እዚያው ጻፉት፤ ዘንድሮ አልቻልኩም ማለት ያለ ነው። መድኑን ደግሞ አታዘግዩ፤ ከመጨረሻው የሥራ ቀን 4 ሳምንት ካለፈ ገንዘብ ሊቀርባችሁ ይችላል። ቅጹ ካስቸገራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ቡናም አይጠፋም።