መንገድ ላይ የሚያገኘን ጥሪ

ወጣቶች ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብለው ከሚጠይቁን ሁሉ የማይቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ «እግዚአብሔር ለምን እንደጠራኝ በምን ልወቅ?» ጥያቄው የተቀደሰ ነው፤ የሚጠይቅም የተባረከ ነው። የሚያሳዝነኝ ከጥያቄው ጋር የሚመጣው መንከራተት ነው። ልጆቻችን ጥሪያቸውን ፍለጋ ከአንዱ ኮንፈረንስ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትንቢት ተናጋሪ ወደ ሌላው ይዞራሉ። በሕዝብ ፊት ስማቸው ተጠርቶ ትልቅ ነገር እስኪነገራቸው ይጠብቃሉ። እስከዚያው ድረስ ነገ ልልቀቅ እያለ እቃውን ሳይፈታ እንደሚኖር ተከራይ ዕድሜያቸውን ያሳልፋሉ።

በመጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር የጠራቸውን ሰዎች የት ነው ያገኛቸው? ሙሴን የአማቱን በጎች ሲጠብቅ፣ ጌዴዎንን ስንዴውን ከምድያማውያን ሸሽጎ ሲወቃ፣ ማቴዎስን ቀረጥ መቀበያው ላይ ተቀምጦ። ሳሙኤልም ብላቴና ሆኖ በቤተ መቅደስ ተኝቶ ነበር። ስሙ ሲጠራ የእግዚአብሔር ድምፅ መሆኑን አላወቀም፤ ዔሊ የጠራው መስሎት ሦስት ጊዜ እየተነሣ ሮጠ። ልብ በሉ፤ ድምፁን መለየት ባይችልም መነሣቱን አልተወም። ለሽማግሌው ለመታዘዝ ከእንቅልፉ የሚነሣ ልጅ ነበርና እግዚአብሔር ሲጠራው ለመነሣት አልከበደውም። የጠራው ማን እንደሆነ የነገረውም ዓይኑ የፈዘዘው ዔሊ ነው፤ እሱም ቢሆን የገባው በሦስተኛው ነው። መልእክቱ ደግሞ ሳሙኤልን የሚያስደስት አልነበረም፤ በአሳዳጊው ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ነበር። እስኪነጋ ተኛ፤ ሲነጋ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ ይላል። ሌሊቱን ጌታ ያናገረው ልጅ ጠዋት የዕለት ሥራውን አልተወም።

ይህን ነገር በዘመናችን ያየንባቸው እናት አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና ቡናና እህል በሚልክ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ትዳርና ደመወዝ ያላቸው የአዲስ አበባ ሴት። እ.ኤ.አ. በ1980 ወሎ ውስጥ ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። ዓላማቸው በረከት መቀበል ነበር። አገሩ ግን በረሃብ ተጎድቶ ነበር። በመንገድ ላይ የወደቁ ሰዎችን አዩ፤ እናቷ ሞታ ሳለ አጠገቧ የቀረች ሕፃንም አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነበር፤ ያንኑ አካፈሉ። ሲመለሱ ግን ሁለት ሕፃናት ይዘው ነበር። በዓመት ውስጥ ልጆቹ ከሃያ በላይ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሴትዮዋ የእናት አልባ ልጆች ማሳደጊያ ለማቋቋም አስበው አልወጡም። እግዚአብሔርን ፍለጋ ወደ ተራራው ሲወጡ እግዚአብሔር ሥራቸውን ከመንገዱ ዳር አኖረላቸው። ሳላይ ልለፍ ብሎ ወደ ንግሡ መቸኮል ይቻል ነበር፤ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ላይ ያሉት ካህንና ሌዋዊ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እሳቸው አላለፉም። ዋጋውም ቀላል አልሆነም። ባለቤታቸውና ዘመድ ልጆቹን አንቀበልም ባሉ ጊዜ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ኑሮን እንደ አዲስ ጀመሩ። (ትዳርን መፍታት የጥሪ ምልክት ነው የሚል ከእኔ አይስማ፤ እውነተኛ ጥሪ የሚወዱንን ሰዎች እንኳ ሊያስከፋ እንደሚችል ግን አይተናል።)

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ወደ ጎሮ እንምጣ። ጠዋት አደባባዩ ላይ ለታክሲ የተሰለፈውን ሰው እዩት፤ ሁሉም ይቸኩላል፤ ሁሉም ሌላ ቦታ የሚጠብቀው ነገር አለ። ብዙዎቻችን ግን በግቢያችን ሰርቪስ ቤት አከራይተናል። በቅርባችን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ልጆች አንዷን ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው በፈረቃ ይሠራሉ። በሩን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሬት ላይ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በምስማር ላይ የተሰቀለ የሥራ ልብስ፣ ከግድግዳው የተደገፈ ሻንጣ። እኛ ያን በር የምናንኳኳው ኪራይ ለመቀበል ብቻ ከሆነ፣ እግዚአብሔር በቤታችን ግቢ ያስቀመጠልንን ሰው ሳናይ እየወጣን ነው ማለት ነው። ልጅቷ ሁለት ቀን ሥራ ካልገባች ታማ እንደሆነ ለማወቅ ራእይ አያሻም። «የኔ ልጅ፣ ምነው ጠፋሽ? ቀምሰሻል?» ማለት ይበቃል። ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ድረስ ማድረስ፣ ከዚያ እናቷ ዘንድ መደወል። በዚህ የጀመረ ጥሪ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያውቀው የጠራው ጌታ ብቻ ነው።

ይሁንና ያየነው ችግር ሁሉ የእኛ ጥሪ አይደለም። ሁሉን እሸከማለሁ የሚል ሰው ጥቂት ቆይቶ ይዝላል፤ ሲዝልም በጠራው ላይ ያጉረመርማል። ስለዚህ መመርመር ያስፈልጋል። ስሜቱ ከበረደ በኋላ፣ የመዝሙሩ ሙቀት ካለፈ ከወራት በኋላ ነገሩ አሁንም ልባችሁን ይይዘዋል ወይ? ስማችሁ ባይነሣበትም ትሠሩታላችሁ ወይ? በተለይ ደግሞ ጠንቅቀው የሚያውቋችሁ ሰዎች፣ ድካማችሁን ያዩ፣ ስትቆጡ ያዩ፣ ምን ይላሉ? ሳሙኤል ዔሊ አስፈልጎታል። አንድ ቀን አይቷችሁ የማያውቅ ሰው መድረክ ላይ ከሚነግራችሁ ይልቅ የቤታችሁን ጓዳ የሚያውቅ ሽማግሌ የሚነግራችሁን አስቀድሙ።

ጥሪው እውነተኛ ሆኖ ሳለ መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ተሰርቀው ባሪያ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ፤ በምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ተማሩ፤ ስዊድን ሄደውም ሰለጠኑ። ልባቸው አንድ ነገር ብቻ ይሻ ነበር፤ ወደ ወገኖቻቸው ተመልሰው ወንጌልን በኦሮምኛ ማስተማር። ተነሡ፤ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ ታመው ተመለሱ። በሌላ አቅጣጫም ሞከሩ፤ አልተፈቀደላቸውም። ጥሪዬ ሐሰት ነበር ብለው ግን አልተዉትም። በተዘጋባቸው በር ደጃፍ፣ በምኩሉ፣ መጽሐፍ ቅዱስን መተርጎም ያዙ፤ እንደሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖም የቋንቋውን ሀብት ሰብስባ አገዘቻቸው። አዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉ መጽሐፉ በ1899 ታተመ። ወለጋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ የተተረጎመውን መጽሐፍ ይዘው። መንገዱ ቀድሞ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ያን መጽሐፍ የሚተረጉሙበት ጊዜ ማግኘታቸውን እጠራጠራለሁ። ዛሬ ቪዛው የተከለከለባችሁ፣ ኮሌጁ ያልተቀበላችሁ፣ ለአገልግሎት ቆርጣችሁ ሳለ የታመመ ወላጅ ማስታመም ያሰራችሁ ይህን አስቡ። በቆማችሁበት ቦታ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ያዙት።

«የእኔስ ጊዜ አልፏል» የምትሉ እናቶችና አባቶችም ከመካከላችን አላችሁ። ልጅ አሳድጋችኋል፤ ጉልበታችሁን ጨርሳችኋል፤ ጥሪ የወጣት ነገር ይመስላችኋል። ወይዘሮ አበበች ያን ጊዜ ወደ ግሸን ሲወጡ የአርባዎቹን ዕድሜ አጋምሰው ነበር። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ፣ አርባ ዓመት ያህል፣ በዚያው ሥራ ላይ ቆዩ።