የኢዮአብ ገብስ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣ ድካማችሁን አውቃለሁ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥታችሁ የአውቶቡስ ሰልፍ ትይዛላችሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እግራችሁን እየጎተታችሁ ትወጣላችሁ። የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የዘይቱ ዋጋ እንቅልፍ እንደነሳችሁም አይጠፋኝም። ሸክም ልጨምርባችሁ አልጻፍሁም። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልሁት ነገር ግን አለ።

በየቤታችሁ ጠበል ልረጭ ስገባ የማየው አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። አባት ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ተጋድሟል። እናት በአንድ እጇ ወጥ ታማስላለች፣ በሌላው ቲክቶክ ትገልጣለች። ሕፃኑም እንዳይበጠብጥ የራሱ ስልክ ተሰጥቶታል። “ልጁስ እንዴት ነው?” ስል “ደህና ነው አባ፣ አያስቸግርም” ይሉኛል። እኔን ያስጨነቀኝ አለማስቸገሩ ነው! የአምስት ዓመት ልጅ የማያስቸግረው ማንም እንደማይሰማው ሲገባው ነው።

“ለእነሱ ብዬ አይደል የምለፋው” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለእነርሱ ለፍታችሁ የቀረችውን አንዲት ሰዓት ለማን ነው የሰጣችኋት?

ሦስት ነገር ልላችሁ አስቤያለሁ።

አንደኛ፣ የንጉሥ ዳዊትን ልጅ አቤሴሎምን አስቡት። ከተሰደደበት ከጌሹር ተመልሶ ሁለት ዓመት በኢየሩሳሌም ሲቀመጥ የአባቱን ፊት አላየም። ወደ አባቱ እንዲልከው የጦር አለቃውን ኢዮአብን አስጠራው፣ አልመጣም። ደግሞ ላከበት፣ አሁንም አልመጣም። በዚህ ጊዜ ነው አገልጋዮቹን ልኮ የኢዮአብን የገብስ እርሻ ያቃጠለው። ኢዮአብም ተነሥቶ መጣ። አቤሴሎም ወንድሙን የገደለ ጥፋተኛ መሆኑን አልዘነጋሁም። ጥፋተኛ ልጅም አባት ያስፈልገዋል። ዳዊት ደግሞ ልጁን ይወድ ነበር፤ ሲሞትበት ያለቀሰውን ልቅሶ ታውቁታላችሁ። ከትምህርት ቤት “ልጅዎ ይማታል፣ መጥተው ያነጋግሩን” ተብላችሁ ስትጠሩ እንግዲህ ቀበቶ ለመፍታት አትቸኩሉ። ምናልባት ልጁ የኢዮአብን ገብስ እያቃጠለ ይሆናል። ስንት ጊዜ ጠርቷችሁ ሳትመጡ እንደቀራችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ፣ ጊዜ የለንም ትላላችሁ። ሙሴ ልጆቻችሁን አስተምሩ ሲል የተለየ ሰዓት አልቆረጠባችሁም። በቤት ስትቀመጡ፣ በመንገድ ስትሄዱ፣ ስትተኙና ስትነሡ ነው ያለው፤ ሁሉም በእጃችሁ ያለ ነው። ደክሞት ለሚገባ ሰው ከዚህ የበለጠ ምሕረት ምን አለ? ጎመኑን ስትቀነጥሱ ልጅቷም አጠገባችሁ ተቀምጣ ትቀንጥስ።

የማውቀው አንድ ዲያቆን አለ። አባቱ ጋራዥ ይሠራ ነበር። “አባ፣ አባቴ ከመከረኝ አንዱንም አላስታውስም፤ ቅዳሜ ማታ ግን ጥፍሬን ይቆርጥልኝ ነበር” አለኝ። እጁ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ የልጁን ጣት በየተራ ይይዛል፤ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ምን እንዳስፈራው ይጠይቀዋል። አሥሩ ጣት ሲያልቅ አባት በተቀመጠበት እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚያ በላይ አቅም አልነበረውም። ልጁ አድጎ ከባድ ፈተና ሲደርስበት መጀመሪያ ያንኳኳው የዚያን አባት በር ነው። ወደ እኔ እንኳ የመጣው ከርሞ ነው፤ በዚህ እጅግ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛውን ልተወውና በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ፣ ልጃችሁን አያቱ ዘንድ ለተዋችሁ እናቶች ልናገር። ሐና ለእግዚአብሔር ቤት የሰጠችውን ልጇን ሳሙኤልን የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። በየዓመቱ ግን ትንሽ መደረቢያ ትሠራለት ነበር። ቁመቱ የት እንደደረሰ ሳታስብ እንዴት ትለካዋለች? ስትደውሉ “ገንዘቡ ደረሰ?” ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። ጥርሱ ወልቆ እንደሆነ፣ ጓደኛው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እግዚአብሔር ርቀታችሁንም እንባችሁንም ያያል።

እናንተ ደግሞ በጽዋ ማኅበርና በኮሚቴ የምትሮጡ፣ ስሙኝ። ካህኑ ዔሊም በእግዚአብሔር ቤት ነበር፤ ልጆቹ የጠፉት ግን እዚያው ደጁ ላይ ነው። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ለክርስትና አቅፋችሁ ስታመጡ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስረክባችሁን ልትሄዱ አልነበረም። አገልግሎት ነው እያላችሁ ከልጅ አትሽሹ፤ አልቀበላችሁም።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ የማኅበሩ ስብሰባ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ለሰብሳቢው ነግሬያለሁ። ያላለቀ አጀንዳ ይደር። የክርስትና አባትና እናት የሆናችሁም፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ካለች ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ሂዱ። ልጁን እናንተ ያዙላትና እሷ ትተኛ።