ዕዳችን እስከ ድንበር ነውን?

በዓይናችን ለማናየው፣ ቋንቋውንም ለማናውቀው፣ ከድንበር ማዶ ለሚኖር ሰው ዕዳ አለብንን? ብዙዎቻችን «መጀመሪያ የራስ ቤት» ብለን እንመልሳለን። ነገሩ ግን በዚህ የሚያልቅ አይደለም።

የበረሃ አንበጣን እንመልከት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መንጋው ሐረርጌን ባለበሰ ጊዜ ገበሬው ከነልጆቹ ወጥቶ፣ ቆርቆሮ እየመታና ጅራፍ እያጮኸ ማሽላውን ለማስጣል ታግሏል። ያ አንበጣ ከእኛ መሬት አልበቀለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሁለት የባሕር ዐውሎ ነፋሶች በዓረብ በረሃ ላይ ዝናም አወረዱ፤ አንበጣው በእርጥቡ አሸዋ ውስጥ ተራባ፤ ወደ የመንም ዘለቀ። የመን በጦርነት ላይ ነበረችና እንደሚገባ የሚከላከለው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። እንግዲህ የቦኬን ማሽላ የበላው አንበጣ ብቻ ነውን? የየመንም ጦርነት በልቶታል ብንል ያስኬዳል።

አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ያህል ቀለብ ይበላል፤ ነፋስ ከረዳውም በአንድ ቀን 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኩብኩባ ሳለ ግን ክንፍ የለውምና እዚያው በተፈለፈለበት ማጥፋቱ ይቀላል። ስለዚህ የእኛ አዝመራ የሚድነው ብዙ ጊዜ በሰው አገር ነው። ጎረቤት አገሮች ይህን ተረድተው በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ውል የምሥራቅ አፍሪካን የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አቋቋሙ።

እዚህ ድረስ ብልጥ ሰው ሁሉ ይስማማል። የጎረቤቱን ኩብኩባ የሚረጨው ለራሱ እርሻ ነውና! ታዲያ ይህ መልካም ንግድ ቢባል እንጂ ዕዳ ተብሎ አይጠራም። ዕዳ መኖሩ የሚታወቀው ጉዳቱ ከእኛ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ነው።

እንዲህ ያለም ሆኗል። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፤ በሽታው ግን ቀደም ብሎ ከኦጋዴን ከዘላኖች ጋር ወደ ሶማልያ ተሻግሮ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች ታመሙ። ሁለቱ መንግሥታት በዚያው ጊዜ ይዋጉ ነበር። ሆኖም በዚያ ጦርነት መካከል ከታቢዎቹ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተከተሉ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በመርካ ከተማ የመጨረሻውን ሕመምተኛ አገኙ። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን አስታወቀ። የሞቃዲሾ ልጅ ስለዳነ ሐረርጌ ምን ጎደለባት? በልብ ውስጥ ያለው ጠላትነት እንኳ ያን ያህል ቦታ ለክትባት ለቀቀ።

አሁን ወደ ራሳችን ኮረብታ እንመለስ። ከጨርጨር ተራሮች ወደ ደቡብ የሚወርደው ውሃ ወደ ዋቤ ሸበሌ ይገባል፤ ዋቤም ቀላፎንና ሙስታሂልን አልፎ ሶማልያ ይደርሳል። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ በለድወይን የምትባለውን ከተማ ሲያጥለቀልቅ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ጎርፍ የመጠጥ ውሃን ሲበክል የሚከተለውን ኮሌራ ማንም ያውቀዋል። ያ ጎርፍ ከብዙ ተራራ የተጠራቀመ ነው፤ ከእኛ የሄደው ስንት እጅ እንደሆነ የሚለካ የለም፤ ዛፉ የተቆረጠበት ዳገት ሁሉ ግን ድርሻ አለው። ይህ ጉዳት ደግሞ እንደ አንበጣ ተመልሶ አይመጣብንም። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ስለዚህ ብልጡ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ እኛ ግን ዝም ልንል የሚገባን አይመስለንም።

ስለ አንበጣው ሁሉንም የሚያስተሳስር ውል አለ። ስለ ዋቤ ግን በሁለቱ አገሮች መካከል እንዲህ ያለ ውል የለም። እስከዚያው በየዓመቱ በበጋ ወራት በቦኬ ዳገት ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ አፈሩ እንዳይሄድበት ብሎ ይሠራል፤ ከታች ያለው የበለድወይን ሰው ግን ስለዚያ እርከን ሰምቶም አያውቅ።