ጎንድዬ የተውኩት አዛሊያ



ከ3 ዓመት በፊት ጁን ላይ አንድ አዛሊያ ገደልኩ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያደጋችሁ ተክሉን በስሙ ባታውቁት እንኳ በዓይን ታውቁታላችሁ፤ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በየቤቱ ደጅ ሮዝ፣ ነጭና ቀይ ሆኖ የሚፈካው ቁጥቋጦ ነው። እኔ የገዛሁት አበባው ካለፈ በኋላ በግማሽ ዋጋ ነበር፤ ቦንሳይ ላደርገው።

ቦንሳይ የተለየ የዛፍ ዘር አይደለም። ተራውን ዛፍ እየቆረጡና በጠባብ ሳህን እያኖሩ፣ ትንሽ ሆኖ የትልቅ ዛፍ መልክ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አዛሊያ ለዚህ የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ጥድ አንድም ቅጠል ሳይቀርለት ከተቆረጠ ያ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ጤነኛ አዛሊያ ግን ደረቅ ከሚመስል አሮጌ ግንድ ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። የሚቆረጠው አበባው እንዳለፈ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት እንቡጥ የሚቋጠረው በሙቀቱ ወራት ስለሆነ የዘገየ ሰው አበባውንም አብሮ ይቆርጣል። ደግሞ ከብዙ ዛፎች በተቃራኒ ጉልበቱ ያለው ከታች ነው። ስለዚህ የታችኛውን ጠንከር አድርጎ፣ የላይኛውን እየራሩ ነው መቁረጥ። (ከመደብር የምትገዙት አንድ ተክል መስሎ 3 ወይም 4 ተክል አብሮ የተተከለ ሊሆን ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ግንዱን እዩ።)

ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት 50 ሳንቲሜትር የነበረውን ወደ 12 አወረድኩት። እዚያው ላይ ሥሩንም ቆርጬ ወደ ጠባብ ሳህን አዛወርኩት። በ3ኛው ቀን ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት በረርኩ። ኢንጂነር ነኝና ያለ መፍትሔ አልሄድኩም፤ በየጠዋቱ ውሃ የሚለቅ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ገጠምኩለት። መሣሪያው አንድም ቀን አላጓደለም። ነገር ግን የመደብር ተክል የሚመጣበት አተላ መሳይ አፈር አንዴ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም። ውሃው በሳህኑ ጠርዝ ወርዶ በሥር ያልፋል፤ መሃሉ እንደ ቡሽ ደርቆ ይቀራል። በ9ኛው ቀን ተመልሼ ግንዱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ አልነበረም።

አባቴ ጅማ፣ ቡና ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ጉቶውን አየና "ጎንድለህ ሄድክ?" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ጉንደላ ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ያረጀና ፍሬው የቀነሰ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ከፍ ተደርጎ፣ የዝናብ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ይቆረጣል። ከዚያ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ገበሬው ጥቂት ጠንካሮችን መርጦ ሌላውን ይነቅላል፣ አረሙን ያርማል፣ ይጠብቃል። እስኪያፈራ ድረስ ከዚያ እግር ምንም አይለቀምም። ብዙ ገበሬ መጎንደል የሚፈራውም ለዚህ ነው።

ይህን ታሪክ ከጁምዓ በኋላ ሳወራ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ጠየቀኝ፦ "ትልቅ መሆን የሚችለውን ነገር ለራስህ ደስታ ማሳነስ ዙልም አይደለም?" መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ "ተክል አይሰማውም" የሚል ነበር። ደካማ መልስ ነው። የማይጮኸውን ሁሉ እንደፈለግን እናድርገው ማለት ይሆናል። "ቡናስ ይቆረጥ የለ?" ማለትም አያዋጣኝም፤ ቡናው የቤተሰብ እንጀራ ነው፣ የእኔ አዛሊያ የሳሎን ጌጥ ነው።

አሁን የማስበው እንዲህ ነው። መሬት ላይ ያለ አዛሊያ ያለ እኔ፣ በዝናብ ብቻ መኖር ይችላል። ቆርጬ ሳህን ውስጥ ካስገባሁት በኋላ ግን የጁላይን አንድ ሳምንት ያለ እኔ አያልፍም። መቀሱ ቅርንጫፉን ብቻ አይደለም የቆረጠው፤ ራሱን የሚችልበትንም መንገድ ቆርጧል፣ ያን ጉድለት መሙላት ደግሞ በእኔ ላይ ወድቋል። ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ እጄ የወሰድኩት አማና ነው። ስለዚህ መቁረጥ ይፈቀድልኝ ወይ ከማለቴ በፊት ጁላይ ላይ እዚህ ነኝ ወይ ማለት ነበረብኝ። ዋሽንግተን ባለው የቦንሳይ ሙዚየም ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ የተያዘ ጥድ አለ። ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው ቦምብ ተርፎ በ1976 ከጃፓን በስጦታ የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ቦምቡን ያስባል፤ እኔ ሳየው የማስበው ውሃ ያጠጡትን ሰዎች ነው።

ልጁ ሳይሆን እኔ ራሴ ያመጣሁት ሌላ ነገር ደግሞ አለ። "እንጨት የሚቃናው በለጋነቱ ነው" ሲባል እየሰማችሁ አድጋችኋል። እኔም ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ በማስተምርበት ክፍል አንዱን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ክፉኛ ገሠጽኩት። ጥፋት ነበረበት፤ የተናገርኩት እውነት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ስልኩ ነበረኝ። "ራሱ ይመለሳል" ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰው ተክል አይደለም፤ መልስ ይሰጣል፣ ይሄዳል፣ ከፈለገ ሌላ ቦታ ሥር ይሰዳል። እኔ ግን የአባቴ ጥያቄ ያን ጊዜም ይመለከተኝ ነበር።

ዘንድሮ ሌላ አዛሊያ ቆርጫለሁ። ጥቂት ቅጠል ተውኩለት፣ ሥሩን አልነካሁም፤ ያ የሌላ ዓመት ሥራ ነው። አፈሩ በደረቀ ቁጥር መትከያውን እንዳለ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አረፋው እስኪያልቅ እነክረዋለሁ። ጁላይ ላይ ጉዞ ነበረኝ፤ አስተላለፍኩት። በ4ኛው ሳምንት ግንዱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ አረንጓዴ ነጥቦች ወጡ።

ለልጁም ደወልኩ፤ ዓመት ከ2 ወር ዘግይቼ። አላነሳም። ቅዳሜ ከክፍል በኋላ እንደገና እደውላለሁ፣ ኢንሻአላህ።